የሚስኮል ዕዳ

አምና ለእትዬ የ50 ብር ካርድ ላክሁላቸውና ተቆጡኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እትዬ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ አንድ ግቢ ውስጥ አብረን የኖርን ጎረቤታችን ናቸው። ስማቸውን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው፣ የሆነ የቀበሌ ወረቀት ላይ ተጽፎ አይቼ፤ ለእኛ ለልጆቹ እትዬ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. መንደሩ ሲፈርስ እሳቸው ከከተማው ጫፍ ወዳለ ኮንዶሚኒየም ሄዱ፣ እኛ ደግሞ በሌላኛው ጫፍ ቤት ተከራየን። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜና እሁድ 10 ሰዓት አካባቢ ስልኬ አንዴ ጮሆ ይዘጋል። እትዬ ናቸው። መጀመሪያ ሰሞን ወዲያው መልሼ እደውል ነበር። እያደር "ማታ እደውላለሁ" ማለት ጀመርኩ። ከዚያ "ነገ"። ከዚያ ምንም።

አንድ ቅዳሜ ሥራ ላይ ሆኜ ሲጮህ "በቃ ካርድ አልቆባቸው ይሆናል" አልኩና ከስልኬ 50 ብር ሞላሁላቸው። ቀልጠፍ ያለ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ደወሉ፣ በዚያው በላክሁት ካርድ። ሰላምታ የለም፣ ምን የለም።

"ካርድ ለመንኩህ?"

"አይ እትዬ፣ እንዲያው ካለቀብዎ ብዬ ነው…"

"ካለቀብኝ እነግርህ ነበር" ብለው ዘጉት።

የሚገርመው ያን ቀን ስልኬ ያልተገደበ ወርኃዊ የድምፅ ጥቅል ነበረው። ለእትዬ መልሼ ብደውል አንዲት ሳንቲም አልከፍልም። ላለመደወል ግን 50 ብር ከፈልኩ። ይኼ ሒሳብ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል። ሰው አንዴ አስጩሆ ሲዘጋብን በእርግጥ ምን አለብን? ካርድ ነው? ጥሪ ነው? ወይስ ያለ እኛ ፈቃድ የተጣለብን ስለሆነ ምንም የለብንም?

ዛሬ ካርድ መፋቅ ምን እንደሆነ የማያውቅ ወጣት ስላለ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ሞባይል አገራችን የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ የጥቂት ሰው ዕቃ ነበር፤ እንደኛ ዓይነቱ ግቢ የደረሰው በቅድመ ክፍያ፣ ማለትም በካርድ ነው። ፒያሳ ላይ ጊዮርጊስ ዙሪያም ሆነ ሲኒማ ኢትዮጵያ ፊት ለፊት፣ ሱቅ በደረቴ ከማስቲካና ከሶፍት ጋር ካርድ ይዞ ይቆማል። ባለ 5፣ ባለ 10፣ ባለ 25። በሳንቲም ትፍቃለህ፣ ብርማው ዱቄት ጥፍርህ ውስጥ ይገባል፤ ከቸኮልክ ቁጥሩን አብረህ ትፍቀውና ሦስት ይሁን ስምንት እያልክ ስትገምት ትውላለህ። ከዚያ "ካርድ" የሚለው ቃል ራሱ ትርጉሙን ቀየረ። "ካርድ አለሽ?" ማለት "መናገር ትችያለሽ?" ማለት ሆነ።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ግቢያችን በር ላይ የነበረው ባለሱቅ ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ሁሉን በዱቤ ይሰጥ ነበር። ደብተር አለው፤ የደመወዝ ቀን ይሰረዛል። ካርድ ግን በዱቤ አይሰጥም። "ትርፉ ሳንቲም ናት፣ ካርድ በጥሬው ነው" ይላል። በአደራና በእምነት በምንተዳደርበት ግቢ ውስጥ ያለ እምነት የሚሸጥ ብቸኛው ነገር ንግግር ሆነ ማለት ነው። ቅድመ ክፍያ ደግሞ አመሉ ይኼው ነው፤ ሻጩ አንተን ማመን አያስፈልገውም፣ ማንነትህ አያሳስበውም፣ ገንዘቡን አስቀድሞ ወስዷል። ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። ደመወዝና ቋሚ አድራሻ የሌለውን ሰው ስልክ ባለቤት ያደረገው ይኼው አለማመን ነው። የእምነት ጉዳይ ቢሆን ኖሮ እትዬ እስከ ዛሬም ስልክ አይኖራቸውም ነበር።

እምነቱን እኛው መልሰን አስገባነው፤ በሚስኮል። ሚስኮል የተወለደው ከሁለት ደረቅ ደንቦች ነው። አንደኛ፣ እዚህ የሚከፍለው ደዋዩ ብቻ ነው፤ አንሺው በነፃ ይሰማል። (የትም እንዲህ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚቀበለውም ሰው ደቂቃው ይቆጠርበት ነበር። እዚያ በሚስኮል መቀለድ ከባድ ነው።) ሁለተኛ፣ ስልኩ እስኪነሳ ድረስ አይቆጥርም። ስለዚህ ጥቂት ሳንቲም ብቻ የቀረችው ሰው እሷን ሳያወጣ ሊያስተላልፍ የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እኔ ነኝ፣ እዚህ ነኝ።

ይቺ ትንሽ ነገር ብዙ ሠርታለች። ድሮ ፒያሳ የሚቀጣጠር ሰው የማህሙድ አህመድ ሙዚቃ ቤት በር ላይ ይቆማል፤ የቀጠረው ሰው እስኪመጣ ዘፈን እየሰማ አላፊ አግዳሚውን ይቆጥራል። ሞባይል ሲመጣ አንዴ አስጩሆ መዝጋት "ማህሙድ ጋ ደርሻለሁ" ሆነ። ከምርጫ 97 ውዝግብ በኋላ ደግሞ የጽሑፍ መልእክት አገልግሎት ተዘግቶ ከ2 ዓመት በላይ ቆየ፤ እስከ ሚሊኒየሙ አካባቢ ማለት ነው። ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ ቤታችን የነበረው አንድ ሞባይል ነው። በዚያ ጊዜ ካርድ ለሌለው ሰው የጽሑፍ መልእክቱ ሚስኮል ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እኛ ቤት አንድ ጥሪ "ታክሲ ይዣለሁ" ነው፣ ሁለት ጥሪ "በር ክፈቱልኝ"፣ ሦስት ጥሪ "ደውሉልኝ፣ ነገር አለ"። ሦስተኛው ጥሪ ሲጮህ እናቴ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ትነሳ ነበር።

ጨዋታም ነበረው። በጣም የታወቀው ተንኮል ቶሎ ማንሳት ነው። ጓደኛህ ሊያስጮህ ሲሞክር እጅህን ቁልፉ ላይ አድርገህ ትጠብቅና ገና "ጭር" ሳይል ታነሳበታለህ። ካርዱ ይቆጥራል። "ምን ታነሳለህ!" እያለ ሲጮህብህ ትስቃለህ። አስቡት፣ ስልክ በማንሳት የተጣሉ ሰዎች ነን።

ታዲያ በዚህ ሁሉ ውስጥ ያልተጻፈ ሕግ አለ። ጆናታን ዶነር የሚባል ተመራማሪ ሩዋንዳ ውስጥ ሰዎችን አነጋግሮ በ2007 እ.ኤ.አ. ስለ ሚስኮል ደንቦች አንድ ጥናት አሳትሟል። ሳነበው ስለ ፒያሳ የተጻፈ መስሎኝ ነበር። ገንዘብ ያለው ይደውላል፤ የሌለው ያስጮሃል። ውለታ የምትፈልግበትን ሰው፣ አለቃህን ወይም ልታገባት የምትፈልጋትን ልጅ ሚስኮል አታደርግም፤ ነውር ነው። ሚስኮልንም በሦስት ይከፍለዋል። መልሰህ ደውልልኝ የሚል አለ። አስቀድመን የተስማማንበትን ነገር የሚናገር አለ፤ የእኛ ቤት አንዴና ሁለቴ እንደዚያ ነው። ሦስተኛው ምንም የማይጠይቅ፣ ምንም የማይናገር፣ እንዲያው "ትዝ አልከኝ" የሚል ነው።

በዚህ ከሄድን የእኔ ጥፋት ቀላል ነው። ሦስተኛውን ዓይነት እንደ አንደኛው ቆጥሬ ካርድ ላክሁ። የምድብ ስህተት፤ ይቅርታ ተጠይቆ የሚያልፍ። ግን ነገሩ እንዲህ በቀላሉ የሚያልቅ አይመስለኝም፤ ምክንያቱም አንድም ሚስኮል ከነምልክቱ አይመጣም። አስጩሆ የዘጋው ሰው የቱን ማለቱ እንደሆነ የሚወስነው ተቀባዩ ነው። የሚስኮል ሥነ ምግባር ያለው እዚህ ላይ ነው ብዬ አስባለሁ፦ የሰውን ልብ የመተርጎም ሥልጣን ለእኛ ተሰጥቷል፣ እኛም የምንተረጉመው በሚቀለን በኩል ነው።

አማርኛ ለዚህ ቃል አለው፤ ይሉኝታ። ሚስኮል የይሉኝታ ቴክኖሎጂ ነው። የሚጠይቀው ሰው ሳይጠይቅ ይጠይቃል፤ የሚከለክለው ሳይከለክል ይከለክላል። "አላየሁትም"፣ "ሳይለንት ላይ ነበር"፣ "ባትሪ ዘግቶ"። ማንም ፊቱ አይቀላም። ቴሌ ይኼን ነገር አይቶ አገልግሎት አደረገው፤ ኮከብ 807 ኮከብ ብለህ ቁጥሩን ከመሰላል ጋር ስትልክ፣ ደውልልኝ የሚል መልእክት በስምህ ይደርሳል። ጥሩ አገልግሎት ነው፣ ብዙ ሰው ከችግር አውጥቷል። ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም። መልእክቱ ልመናውን በፊደል ጽፎ አወጣው። ሦስተኛው ዓይነት ሚስኮል በኮከብ 807 አይላክም፤ "ትዝ አልከኝ፣ ምንም አልፈልግም" የሚል ኮድ አልተሠራለትም።

አንዳንድ ሰው ሚስኮል ራሱ ስርቆት ነው ይላል። በሰው ምሰሶ፣ በሰው መብራት መልእክት አስተላልፈህ ሳትከፍል መዝጋት። በዚህ ላይ ብዙ ጊዜ አላጠፋም፤ መንገድ ላይ ቆሞ ወደ ፎቅ የሚያፏጭ ሰው የመንገዱን ባለሥልጣን አልሰረቀም። የካንት ተማሪዎች የሚያነሱት ጥያቄ ይበልጥ ይጥማል፦ ሁሉም ሰው ሚስኮል ብቻ ቢያደርግስ? ማን ይደውላል? ይኼን በዓይኔ አይቻለሁ። ሁለት ጓደኞቼ ተራው ያንተ ነው፣ ያንተ ነው እየተባባሉ አንድ ምሽት ሙሉ ሲያስጮሁና ሲዘጉ አምሽተው ሳይገናኙ ቀርተዋል። ሚስኮል የሚኖረው የሆነ ሰው በመጨረሻ ስለሚደውል ነው።

ያ የሆነ ሰው ደግሞ ሸክም አለበት፤ ይኼን ሳልናገር ማለፍ ፍርደ ገምድልነት ይሆንብኛል። በየቤቱ አንድ ደመወዝተኛ አለ፣ ለሁሉ የሚደውል። አረብ አገር ያለችው እህት አለች፤ ስልኳን ስትከፍት ሰባት ሚስኮል ተደርድሮ ይጠብቃታል፣ ሰባቱም የቤት ኪራይ፣ የትምህርት ቤት፣ የሕክምና ነው። "ገንዘብ ያለው ይደውል" የሚለው ሕግ ከእሷ በኩል ሲታይ ግብር ይመስላል። እሷ ስልኳን ብታጠፋ እኔ አልፈርድባትም። ስለዚህ "የተጠራ ሁሉ መመለስ አለበት" ብዬ ልደመድም አልችልም።

እዚህ ላይ ግን እትዬን ሳያቸው የበለጠ አፈርኩ። የእትዬ ሴት ልጅ ቤይሩት ናት፤ የመጀመሪያውን ስልካቸውንም የላከችላቸው እሷ ናት። አንድ ቀን "ለእሷስ ታስጮሁላታላችሁ?" ብዬ ጠየቅኋቸው። "ለእሷማ!" አሉ። "ለእሷማ ካስጮህኩ ሰው ሞተ ብላ ትደነግጣለች። ወይ ደግሞ ብር ፈልጌ ይመስላታል።" እትዬ ሕጉን ከማናችንም በላይ ያውቁታል። የሚያስጮሁት ምንም ለማይፈልጉበት ሰው ብቻ ነው። እኔ የሰጠሁት ትርጉም ደግሞ ያንን ነው፤ ብር ፈልገው ነው።

ፍለጋቸው ምን እንደነበር በኋላ እማዬ ነገረችኝ። ግቢ እያለን 10 ሰዓት ላይ የእትዬ ቡና ይፈላል። መጀመሪያ ጊዜ ልጅ ይላካል፣ "ቡና ደርሷል፣ ኑ ተብላችኋል" የሚል። ልጆቹ ስናድግና ከግቢ ስንጠፋ እትዬ በልጅ ፋንታ ስልክ አስጮሁ። አንዴ ከሆነ ቡና ደርሷል ነው። ለእማዬም፣ ለእኔም፣ ከላይኛው ቤት ለነበሩት ጋሼም። ካርድ አይፈጅም፣ ማንም ማንሳት የለበትም፣ መነሳትና መሄድ ነው። አሁን ግቢው የለም፤ እኛም ከእሳቸው ሁለት ታክሲ ርቀናል። እትዬ ቡናቸውን ያፈሉና እንደ ልማዳቸው ያስጮሃሉ። እንደማንመጣ ያውቃሉ።

ለቡና የተጠራ ሰው ምን አለበት? ተራ አለበት። ዛሬ የእሳቸው፣ ነገ የእኛ። ቡና ጠጥተህ ስትወጣ ረከቦቱ ላይ 20 ብር ጥለህ ብትሄድ ምን እንደሚባል ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ብሩ አንሶ አይደለም። 200 ብትጥል ይብሳል። ምክንያቱም "ተከፋፍለናል፣ ከዚህ በኋላ አንተዋወቅም" ማለት ነው። እኔ ከ50 ብር ካርድ ጋር የላክሁት ያንን ነው።

"ብድር" የሚለውን ቃላችንን አስቡት። ሠርግ ላይ ሰው አግዞ ሲሄድ "ብድር መላሽ ያድርገን" እንላለን። ዕዳውን አሁኑኑ ለመክፈል ያብቃን ማለት አይደለም፤ ጊዜ ይስጠን፣ የእናንተንም ደስታ ያሳየን፣ እስከዚያ ባለዕዳ ሆነን እንቆይ ማለት ነው። ዛሬ ስልካችን ላይም "ብድር" አለ። ካርድ ሲያልቅብህ የአየር ሰዓት ያበድርሃል፣ በሚቀጥለው ስትሞላ ከነአገልግሎት ክፍያው ቆርጦ ይወስዳል። ይኼኛው ብድር ንጹሕ ነው፤ ማንንም አታመሰግንም፣ ማንንም አታፍርም፣ የሚፈርድህ እስከ ዛሬ የሞላኸው ካርድ ብዛት ነው። ከጓደኛ 10 ብር ካርድ ከመለመን ይሻላል የሚል ሰው አለ፤ እኔም ራሴ ስንት ጊዜ ተበድሬያለሁ። ችግሩ የሚመጣው አንደኛውን ብድር በሁለተኛው ልማድ መክፈል ስንጀምር ነው።

አንድ ዘመን ሙሉ "ካርድ የለኝም" የሚባል ምክንያት ነበረን። እውነትም ነበር። በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ቴሌ የድምፅ ጥሪ ዋጋ 40 በመቶ ቀነሰ። መስከረም 2015 ላይ ሳፋሪኮም አዲስ አበባ ገባ፣ በ07 የሚጀምር ቁጥር መጣ፣ ጥቅሉ በዛ፣ ያልተገደበ የሚባል ነገር ተለመደ። ቴሌግራምና ዋትስአፕም አሉ። ጠብቄ የነበረው ዋጋው ሲወርድ እንደዋወላለን ብዬ ነው። የሆነው ግን ምክንያቱ ሲያልቅ ራቁታችንን ቀረን። የእኔን ብቻ ልናገር፦ ካርድ ባልነበረኝ ጊዜ ለሰው የማልደውለው ካርድ ስለሌለኝ ይመስለኝ ነበር።

ሰው ጊዜው ነው የሚያጥረው እንጂ ብሩማ አለ ትሉኛላችሁ። ምናልባት። የእትዬ ጥሪ ግን ስንት ደቂቃ ይወስድ ነበር? "ደህና ነህ? እናትህስ? ቡና ደርሷል።" ሁለት ደቂቃ አይሞላም። የሚከብደኝ ደቂቃው አልነበረም። እትዬ ሲደውሉ ዶሮ ማነቂያ ይደውላል። ያንን ግቢ፣ የጋራውን ቧንቧ፣ አሁን አጥር የሆነውን ቦታ ይዘው ይመጣሉ፤ እኔ ደግሞ በአዲሱ ሰፈር ለመልመድ እየሞከርኩ ነው። ሰው የሚጠራን ሁልጊዜ ሊያስቸግረን ብቻ አይደለም፤ አንዳንዴ የተጠራንበት ስም ራሱ ያስቸግረናል።

ይኼን አውቄም ቢሆን ወዲያው ደጉ ሰውዬ አልሆንኩም። ለሦስት ሳምንት ያህል እትዬ አላስጮሁም። ቅዳሜ 10 ሰዓት ሲሆን ስልኬን አየዋለሁ፣ ዝም። አኩርፈዋል። ሄጄ ይቅርታ ልጠይቃቸው አሰብኩና እሱንም ለሚቀጥለው ሳምንት አልኩት።

በአራተኛው እሁድ ስልኩ እጄ ላይ ነበር፤ የሆነ ቪዲዮ እያየሁ ነው። ስማቸው ብቅ ሲል ጣቴ ቀደመኝ፣ ገና ሳይጮህ አነሳሁት።

"ምን ታነሳለህ!" አሉ እትዬ።

"ይቅርታ እትዬ፣ እጄ ላይ ሆኖ ነው። ዝጉት፣ እኔ ልደውል።"

"አንዴ ቆጥሯል፣ ምን ይዘጋል። እናትህ ደህና ናት?"

"ደህና ናት።"

"ያ ወገቧ?"

"ተሽሏታል።"

ከበስተኋላ ሲኒ ሲንቀጫቀጭ ይሰማኛል። አንዲት ጎረቤት እንዳገኙ፣ ከሦስተኛ ፎቅ እንደምትወርድ፣ ቡና በጨው የምትጠጣ መሆኗን፣ እንደሚለምዱት ነገሩኝ። አቦሉ እንዳለቀ፣ ቶናው እንደተጣደ እየነገሩኝ ሳለ ካርዱ አለቀ መሰለኝ መሃል ላይ ተቋረጠ።

መልሼ ደወልኩ።